በእህት ስም የወጣ ሲም፣ ከእናት ሒሳብ የተወሰደ ብር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ኮምቦልቻ ይሠራል፤ እናቱ ሐይቅ ይኖራሉ። እናቱ የሚይዙት ሲም ካርድ የወጣው ሪያድ በቤት ሠራተኝነት በምትሠራው እህቱ ስም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ኔትወርክ ጠፋበት። እናቱም «እንደልማዱ ነው» ብለው ተዉት። ሰኞ ጠዋት ሲያጣሩ በዚያው ቁጥር ሌላ ሰው ምትክ ሲም አውጥቷል። በእናት ስም ካለው የባንክ ሒሳብም እህት ስትልክ የቆየችው 86 ሺህ ብር በሞባይል ባንኪንግ ወጥቷል። የስልክ ድርጅቱ «ባለቤቷ ራሷ ትቅረብ» አለ። ባንኩ «የገባው ትክክለኛ ፒን ነው፣ እኛ አንጠየቅም» አለ። ፖሊስ ደግሞ «መጀመሪያ ከባንክ ደብዳቤ አምጡ» አለ። ጠያቂው «ማንን ነው የምንይዘው? ሕጉስ ምን ይላል? እህቴ ካልመጣች እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነው? እናቴማ ስልክ ሁለተኛ አልነካም ብላለች» ይላል።

አብሽር ወንድሜ። እህትህ ካልመጣች ምንም አይሆንም የተባልከው እውነቱ ግማሽ ብቻ ነው።

እናንተ ላይ የደረሰው አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንዱ የሲሙ ጉዳይ ነው። ደንበኛዋ እህትህ ስለሆነች ያለ እሷ ወይም ያለ ወኪሏ አይንቀሳቀስም። ሌላው የብሩ ጉዳይ ነው። ሒሳቡ በእናትህ ስም ነው፤ ከባንኩ ጋር ውል ያላቸው እሳቸው ናቸው፤ የተጎዱትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ባንክ ለማመልከትም ሆነ ለፖሊስ ቃል ለመስጠት ሪያድ ያለችውን ልጃቸውን የሚጠብቁበት ምክንያት የለም። ሦስት ቦታ የተንከራተታችሁት ሁለቱን አቀላቅላችሁ ስለቀረባችሁ ይመስለኛል። «ሲማችን ተቀይሮ ብራችን ጠፋ» ስትሉ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የእሱ ያልሆነውን ግማሽ ጠቅሶ ይመልሳችኋል።

ከብሩ እንጀምር፤ የሚሮጠው እሱ ነውና።

እናትህ መታወቂያቸውንና የባንክ ደብተራቸውን ይዘው ቅርንጫፋቸው ይቅረቡ። አንተ አብረህ ሂድ እንጂ በእሳቸው ቦታ አትናገር። በቃል መጠየቅ ይብቃ፤ ከዚህ በኋላ በጽሑፍ ብቻ ነው። ማመልከቻው ላይ አራት ነገር ይጠየቅ። ሞባይል ባንኪንጉ ይዘጋ። ከዓርብ እስከ ሰኞ ያለው የሒሳብ እንቅስቃሴ ዝርዝር ይሰጥ። ብሩ የተላለፈባቸው ሒሳቦች ላይ እግድ እንዲደረግ ባንኩ በአስቸኳይ ይንቀሳቀስ። ጥያቄያችንን የማይቀበል ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጽ። ሁለት ኮፒ አድርገው። አንዱ ላይ «ገቢ» ተብሎ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ይደረግበትና ለእናንተ ይመለስ። ያለ ማኅተም የሰጠኸው ወረቀት እንዳልሰጠኸው ቁጠረው።

ባንኩ የተቀባዩን ስም አልነግራችሁም ቢል አትናደድ። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው። ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ግን ይሰጣል። አንተ የምትፈልገው ስሙን ማወቅ ሳይሆን ብሩ ያለበት ሒሳብ እንዲታገድ ነው። እንዲህ ያለ ሌባ ብሩን አንድ ቦታ አያስቀምጥም። ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ቴሌብር ወይም ወደ ሌላ ባንክ ያሻግርና በጥሬው ያወጣዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። ቅርንጫፍ ተዘግቷል፤ ሰው ቤቱ ገብቷል፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ሰፊ ጊዜ አለው። የባንኮች የጥሪ ማዕከል ግን ቅዳሜም እሑድም ይሠራል። ለምሳሌ የንግድ ባንክ 951 ነው። የራስህን ባንክ አጭር ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ስልኩ ውስጥ ብቻ ካስቀመጥከው ስልኩ በጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ባንኩ የሚሰጥህ ዝርዝር ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። «15፡12» የሚለው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። እናትህ ደግሞ ለፖሊስ «9 ሰዓት ገደማ ኔትወርክ ጠፋ» ብለው ነው ቃል የሚሰጡት። ሁለቱ ወረቀት ላይ ሳይገናኙ ቀርተው ቃላቸው የተዛባ የመሰለባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ማመልከቻው ላይ ሁለቱንም ጻፍ። ቀኑንም እንዲሁ በሁለቱም አቆጣጠር።

ወደ ፖሊስ እንሂድ። «ከባንክ ደብዳቤ አምጡ» ይልሃል፤ ባንኩ ደግሞ «ከፖሊስ ደብዳቤ አምጡ» ይልሃል። በዚህ መሀል ስንት ሰው ደክሞት ትቶታል። መፍትሔው ማኅተም ያለበት የሒሳብ ዝርዝር ነው። እሱን ከያዝክ ብር መውጣቱ ታይቷል፤ ለምርመራ መነሻ ይህ ይበቃል። የተበዳይ ቃል ይመዝገብልኝ፣ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠኝ በል። ቁጥሩ ከተሰጠህ በኋላ ለባንኩና ለስልክ ድርጅቱ ደብዳቤ እንዲጻፍ ጠይቅ። ደብዳቤውን እጅ በእጅ ለማድረስ ፈቃደኛ መሆንህን ተናገር። ደብዳቤ ሐይቅ ተጽፎ ደሴ እስኪደርስ ሳምንት ሲፈጅ አይቻለሁ።

«ይህ የፌዴራል ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ሊሉህም ይችላሉ። መሠረት የለውም አልልም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ በውስጡ የተዘረዘሩትን ወንጀሎች በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣን የሰጠው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ያ ግን ክሱ የት ይቀርባል የሚል ነገር ነው። ጥቆማ ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ ለሚመለከተው ማስተላለፍ የየትኛውም ጣቢያ ሥራ ነው። «እንዲተላለፍልኝ ይመዝገብ» በል እንጂ ተሸንፈህ አትውጣ።

ሕጉ ራሱ ምን ይላል ላልከው፣ ለእናንተ ጉዳይ የሚጠቅሙት አራት ናቸው። አንደኛው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አንቀጽ 10 ሰውን አሳስቶ ጥቅሙን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ ማድረግን ወይም ዳታ ለውጦ በሌላው ላይ የገንዘብ ጉዳት ማድረስን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ ይቀጣል። አንቀጽ 11 ደግሞ የሌላን ሰው ኤሌክትሮኒክ ማንነት ያለ ፈቃዱ መያዝን፣ ማግኘትን፣ መሸጥን ራሱን ወንጀል አድርጎታል። ሁለተኛው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ነው። ሲም ካርድንና የደንበኛ መለያ ቁጥርን በሕገ ወጥ መንገድ ማባዛትን፣ በሌላ ሰው መለያ አገልግሎት ማግኘትን ይከለክላል፤ ቅጣቱም ከበድ ይላል። ሦስተኛው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ነው፤ ተራ የምንለው የማታለል ወንጀል። ሌባው ሐሰተኛ መታወቂያ አቅርቦ ከሆነ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልም ይጨመርበታል። አራተኛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። አዲስ ነው፤ ስለ እሱ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። የትኛው አንቀጽ ይጠቀስ የሚለው የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። አንተ የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ባለቤቷ ራሷ ትቅረብ» ያለህ መሥሪያ ቤት ሳያስበው ትልቅ ማስረጃ አቀብሎሃል።

አስተውለው። ቅዳሜ ዕለት በዚያ ቁጥር ምትክ ሲም ወጥቷል። ባለቤቷ ሪያድ ነበረች። ታዲያ ማን ቀርቦ፣ ምን መታወቂያ አሳይቶ ነው የወጣው? ዛሬ እናንተን «ራሷ ትምጣ» የሚለው ደንብ ቅዳሜ የት ሄዶ ነበር? እህትህ አለመኖሯ እንደ ድካማችሁ ነው የተቆጠረው። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉም የጠነከረው ማስረጃችሁ እሱ ነው። ሐይቅ ቤቱ የተቀመጠ ሰው «እኔ አላወጣሁም» ቢል «አንተ ነህ ያወጣኸው» ሊባል ይችላል። የእሷ ፓስፖርት ላይ ግን የመውጫና የመግቢያ ማኅተም አለ፤ ኢቃማዋ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃዷ) አለ፤ አሠሪዋ አሉ። በዚያ ቀን ወሎ ውስጥ አልነበረችም። ዛሬውኑ የፓስፖርቷን ገጾችና የኢቃማዋን ፎቶ ትላክልህ። በሌላ ቁጥር፣ ለታመነ ሰው።

ቀጥሎ ውክልና። ሪያድ ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ጅዳ ካለው ቆንስላ ቀርባ ትፈርማለች። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይመዘገባል። ጣጣው አለው፤ ለቤት ሠራተኛ ደግሞ አንድ ቀን ፈቃድ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ አንዴ ስትሄድ የተሟላ ይሁን። «ጠቅላላ ውክልና» ብቻ ጽፋ እንዳትመለስ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው የሚያስችለው፤ ክስ ለመመሥረትና ለመከራከር፣ ለመታረቅም ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ በስሟ ያለውን ሲም ማዘጋት፣ ምትክ ማውጣት፣ ቁጥሩን ወደ እናቷ ስም ማዛወር፣ ለመሥሪያ ቤቶች ማመልከት፣ መክሰስ፣ መከራከር፣ መታረቅ፣ ጠበቃ መወከል የሚሉት በግልጽ ይጻፉ። የስልክ ቁጥሩም ይጠቀስ።

እስከዚያው ግን አትቀመጡ። እህትህ በእጇ የጻፈችውና የፈረመችው ደብዳቤ፣ ከፓስፖርት ኮፒዋ ጋር፣ ለስልክ ድርጅቱ ይግባ። ይህ ሲም ለማስቀየር አይበቃም። ሁለት ነገር ለማለት ግን ይበቃል። «ቅዳሜ የወጣውን ምትክ እኔ አልጠየቅኩም፤ ቁጥሩ ይታገድ። የወጣበት ማዕከል፣ ያወጣው ሠራተኛ ወይም ወኪል፣ የቀረበው መታወቂያና ሰዓቱ ተጠብቆ ይቆይ።» ሁለተኛው በጣም አስፈላጊ ነው። አዋጅ 958 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። የማዕከሉ የካሜራ ምስል ግን ያን ያህል አይቆይም፤ በላዩ ላይ ሌላ ይቀረጽበታል። ፖሊስ ደብዳቤ እስኪጽፍ ምስሉ ከጠፋ በኋላ ከሚቆጭ፣ «ይጠበቅልኝ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ቀድሞ መግባቱ ይሻላል።

መልስ ካልሰጧችሁ ቀጣዩ በር በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባንኩን በሚመለከት ደግሞ ብሔራዊ ባንክ። ሁለቱም መጀመሪያ የሚጠይቁህ «ለድርጅቱ አመልክተሃል ወይ? የት አለ መልሱ?» ብለው ነው። ማኅተም ማኅተም እያልኩ የማሰለችህ ለዚህ ነው።

ወደ ባንኩ «ትክክለኛ ፒን ነው የገባው» እንመለስ። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። ሲም ብቻውን ብር አያወጣም፤ ፒን ይፈልጋል። ስለዚህ ፒኑ እንዴት ሌባው እጅ ገባ የሚለውን እናንተው ቀድማችሁ እወቁት። ፍርድ ቤት ከመጠየቁ በፊት።

እናትህን ቀስ ብለህ ጠይቃቸው። መርማሪ አትሁንባቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ራሳቸውን ሲረግሙ ነው የከረሙት። ባለፉት ቀናት ማን ደወለ? «ከድርጅቱ ነን፤ ሲምዎ ሊዘጋ ነው፤ ወደ ፋይቭ ጂ እናሳድግልዎ» ያለ ነበር? «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፤ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ያለስ? ካርድ ሲያስሞሉ ወይም ብር ሲልኩ ማን ነው የሚነካካላቸው? እዚህ ላይ የብዙ እናቶቻችን ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። ፊደሉ ትንሽ ነው፤ መነጽሩ የለም። የሱቁ ልጅ ይጫንላቸዋል፤ ፒኑንም ጮክ ብለው ይነግሩታል። ሰው ሁሉ አገር የሚያናጋ ሃከር ያስባል። እኔ ያየኋቸው ጉዳዮች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከመሀል ያለው የሚያውቁት ሰው ነው፤ ወይም የሚያውቁት ሰው መረጃውን ያቀበለው ሌላ ሰው። ይህን ስልህ ግን የሱቁን ልጅ ያዘው ማለቴ አይደለም። ጠርጥረህ ሰፈር ውስጥ ስም ካጠፋህ አንተው ተከሳሽ ትሆናለህ። ጥርጣሬህን ለመርማሪው ብቻ ንገር።

የእህትህንም ወረቀቶች አስብ። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የቀበሌ መታወቂያዋ፣ ፓስፖርቷ፣ ፎቶዋ ስንት ቦታ ኮፒ ተደርጎ ቀርቷል? ደላላው ጋ፣ ኤጀንሲው ጋ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ። ከደዋይ በላይ የምፈራው ይህንን ነው። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት በተያዙ ጊዜም ስንት ሰው መታወቂያውንና ስልኩን ጥሎ ሸሽቷል፤ ስንት መሥሪያ ቤትም ተዘርፏል። ያ ሁሉ ወረቀት የት እንደገባ ማንም አያውቅም። ይህን የማነሳው ምርመራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳይሄድ ነው።

እናትህ ፒናቸውን ለሰው ሰጥተው ቢሆንስ? እውነቱን ይናገሩ። ደብቀው በኋላ ቢገኝ ሌላው ቃላቸው ሁሉ ይበላሻል። ፒን መስጠታቸው በባንኩ ላይ ያላቸውን ክርክር ያዳክመዋል፤ ሌባውን ግን ነጻ አያወጣም፤ ምትኩን ያለ አግባብ ያወጣውንም ነጻ አያወጣም። ለባንኩም ቢሆን የሚቀርብለት ጥያቄ ይኖራል። ፒኑ ቅዳሜ ተቀይሮ ነበር? ሞባይል ባንኪንጉ በአዲስ ስልክ ላይ ተከፍቶ ነበር? ለወራት ካርድ ከመሙላት ያላለፈ ሒሳብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሲሆን ያየ ሥርዓት ነበር? ይህን ማመልከቻው ላይ በጥያቄ መልክ አስፍረው።

ማንን እንክሰስ ላልከው ቀጥተኛ መልሴ ይህ ነው። ወንጀሉ በሌባው ላይ ይቀጥል። ተይዞ ከተከሰሰ የካሳ ጥያቄያችሁን ከወንጀሉ ክስ ጋር ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ለብቻው የዳኝነት ወጪ አያስወጣችሁም። የፍትሐ ብሔር ክስ በድርጅቶቹ ላይ ሊቀርብ ይችላል። ድርጅት ሠራተኛው ወይም ወኪሉ ሥራውን ሲሠራ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁም የሰው መረጃ የሚይዙትን መረጃውን በጥንቃቄ እንዲጠብቁ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ነገር ግን አንድ የቀን ጉዳይ አለ፤ ጠበቃ ካልሆነ ሰው የሚያስተውለው አይመስለኝም። እናትህ ከባንኩ ጋር ውል አላቸው፤ በውል ላይ የሚቀርብ ጥያቄ በመርህ ደረጃ አሥር ዓመት ጊዜ አለው። ከስልክ ድርጅቱ ጋር ግን ውል ያላት እህትህ እንጂ እናትህ አይደሉም። እናትህ ድርጅቱን የሚከሱት ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት ነው፤ የዚያ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ «ፖሊስ ይጨርስ» እያላችሁ ሁለት ዓመት እንዳያልፍባችሁ።

ለ86 ሺህ ብር ጠበቃ ይዞ መካሰስ ያዋጣል ወይ? እውነቱን ልንገርህ፤ ሁልጊዜ አያዋጣም። ብሩ የተላለፈበት ሒሳብ ቶሎ ከታገደ የሚመለስበት ዕድል አለ። ካልታገደ መንገዱ ረጅም ነው። እኔ ብሆን በቅድሚያ ለሁለቱም ድርጅቶች የጽሑፍ አቤቱታ፣ ቀጥሎ ለተቆጣጣሪዎቹ፣ ከዚያ በኋላ ክስ እል ነበር። አቤቱታው በደንብ ተጽፎ፣ የፓስፖርቱ ማኅተም ተያይዞ ሲቀርብ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። እዚህ ሌላ አደጋ አለ። ችግራችሁን ያዩ ሰዎች በቴሌግራም «እኛ ብሩን እናስመልሳለን፤ ለማስጀመሪያ ይህን ያህል ላኩ» ይሏችኋል። ሁለተኛው ሌባ ይሄ ነው። አንድ ብር እንዳትልኩ።

አሁን ስለ ኔትወርኩ። ለወሎ ሰው ከሁሉ በላይ መናገር የምፈልገው ይህን ነው።

ምትክ ሲም ሲወጣ ቁጥሩ ወደ አዲሱ ካርድ ይዞራል፤ አሮጌው ካርድ በዚያው ቅጽበት ይሞታል። ሌላ አገር ያለ ሰው ስልኩ ድንገት ኔትወርክ ሲያጣ ይደነግጣል። እኛ ግን አንደነግጥም። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ጠፋ፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ዳታ ለወራት ተቋረጠ፤ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ ይከተላል። እናትህ «እንደልማዱ ነው» ማለታቸው የሚፈረድ አይደለም። ለሌባ ግን ከዚህ የተሻለ አገር የለም።

ስለዚህ ኔትወርክ ሲጠፋ አንድ ደቂቃ የማትፈጅ ፈተና አለች። በዚያው ድርጅት ሲም የሚጠቀም ጎረቤት ስልኩን ያሳይህ። የእሱም ጠፍቶ ከሆነ ልማዱ ነው፤ ቡናህን ጠጣ። የእሱ እየሠራ ያንተ ብቻ ከጠፋ ሲምህን ሌላ ቀፎ ውስጥ ክተተው፤ የቀፎ ችግር እንዳይሆን። አሁንም ካልሠራ በጎረቤትህ ስልክ ወደ ራስህ ቁጥር ደውል። ያንተ ስልክ ሳይጮህ ወዲያ ማዶ ከጠራ ቁጥርህ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ያኔ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ባንክ ደውለህ ሞባይል ባንኪንግ አዘጋ፤ ቴሌብር ካለህ 127 ደውል፤ ከዚያ ሲሙን አሳግድ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲሙን ለማስተካከል ይሮጣል። ወረፋ ላይ ቆሞ ሳለ ብሩ ያልቃል።

አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያየ ድርጅት ሲም ቢኖር ይጠቅማል። ቅንጦት አይደለም።

ለኢሞና ለዋትስአፕም አትዘናጉ። ሁለቱም የሚከፈቱት በስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው በእናትህ ስም ኢሞ ይከፍትና ለእህትህ «እናትሽ ታመዋል፤ ሆስፒታል ነን፤ ቶሎ ላኪ» ይላታል። በስደት ያለ ሰው ይህን ሲሰማ አያጣራም። ዛሬውኑ ለዘመድ ሁሉ «በዚያ ቁጥር የሚመጣ ነገር የኛ አይደለም» ብላችሁ በድምፅ ላኩ። ከእህትህ ጋርም ሌላ ሰው የማያውቀው አንድ የቤት ጥያቄ ተስማሙ፤ ያን ያልመለሰ ብር አይላክለትም። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩት፤ ያኔ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም።

ቁጥሩ ሲመለስ የእናትህን ነገር እንዲህ አስተካክለው። ሲሙ በውክልናው ወደ ራሳቸው ስም ይዙር። የፋይዳ መታወቂያ ካላወጡ ያውጡ። የሰው ሲም በሌላ ሰው ስም መሆን ደግ ቀን ላይ አይታወቅም፤ ችግር ሲመጣ ነው እንዲህ የሚያስለቅሰው። ደግሞም ማንም «በስምህ አንድ ሲም አውጣልኝ፣ ብር እሰጥሃለሁ» ቢልህ እሺ እንዳትል። በዚያ ሲም ወንጀል ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠራው ያንተ ስም ነው።

እህትህ የምትልከው ብር ከስልክ ጋር ባልተያያዘ ሒሳብ ይቀመጥ። ደብተር ይዘው፣ ቅርንጫፍ ቀርበው የሚያወጡት። ከስልኩ ጋር የተያያዘው ሌላ ትንሽ ሒሳብ ይሁን፤ የወር ወጪ ብቻ ያለበት። የዝውውር ጣሪያውም ዝቅ ይደረግ። ባንኩ በማመልከቻ ያደርገዋል። ስንት ምክር ቢደረደር፣ ፒን አትንገሩ ቢባል፣ ሰው ይሳሳታል። ስልኩ ላይ የሌለ ብር ግን በስልክ አይሰረቅም።

የሲም ፒን መቆለፊያ ጥሩ ነው፤ ግን ለምን እንደሚያገለግል እወቅ። ቀፎው ሲሰረቅ ካርዱን ሌላ ስልክ ላይ እንዳይጠቀሙበት ያደርጋል። ምትክ ሲም ለሚያወጣ ሌባ ምንም አያግደውም። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትክ ይቆለፍና ባለ ስምንት አኀዙን ፑክ ይጠይቅሃል፤ እሱን አሥር ጊዜ ከተሳሳትክ ካርዱ ይሞታል። የሲሙን ፕላስቲክ አትጣለው፤ ፑኩ እዚያ ላይ ነው። አንዳንድ ሌባ ደግሞ ሲም ሳይቀይር በኮከብና በ21 የሚጀምር ቁጥር «ደውዪበት» ብሎ ጥሪን ወደ ራሱ ያስዞራል። *#21# ብለህ ጥሪህ ወደ ሌላ መዞሩን ታያለህ፤ ##002# ደግሞ የዞረውን ሁሉ ይሰርዛል። የእናትህ አዲሱ ሲም ሲገባ ሁለቱንም ሞክር።

«ስልክ ሁለተኛ አልነካም ብላለች» ላልከው፣ አታስገድዳቸው። ለጊዜው ቁልፍ ያላት ትንሿን ቀፎ ስጣቸው፤ መደወያና መቀበያ ብቻ። ባንኩን በደብተር ይሂዱበት።

ነገ የምትጀምረው በማመልከቻው ነው፤ በእናትህ ፊርማ፣ በሁለት ኮፒ። በዚያው ቀን ፖሊስ ጋ የመዝገብ ቁጥር ተቀበል፤ እህትህም ለኤምባሲው ቀጠሮ ትያዝ። ባንኩ የጽሑፍ መልስ ሲሰጥህ ስሙንና ቁጥሩን ሸፍነህ ለጥፍልኝ፤ በምን ምክንያት እንደተቃወሙ ካየሁ በኋላ ስለ ክሱ እንነጋገራለን።